ነጎድጓዳማ ዝናብና የድኝ ጋዝ፦ ከባሌ ደጋ ሰማይ በላይ ምን ይከናወናል?

በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች በዝናብ ወራት የሰማዩ አኳኋን በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። ረፋዱ ላይ በሳነቴ አምባ ዙሪያ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ፤ ከቀትር በኋላ ደመናው እየወፈረና እየጠቆረ ይሄዳል፤ ወደ ማምሻው በጎባ፣ በሮቤና በሲናና ማሳዎች ላይ ነጎድጓድና መብረቅ፣ አልፎ አልፎም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ሰው የሚያስተውለው የሚወርደውን ነው። በዚያው ሰዓት ግን በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚጓዝ ነገር አለ። ከመሬት፣ ከባሕርና ከእሳተ ገሞራ የሚመነጨው የድኝ ወይም የሰልፈር ጋዝ ከዚህ ጉዞ ተካፋይ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ ስለ አመድና ስለ ድኝ ጋዝ በየዜናው ተነግሯል። ጋዙ እንደ ባሌ ያሉ ሩቅ አካባቢዎች ይደርሳል ወይ? ከዝናብ ጋር ቢወርድስ ስንዴውንና ገብሱን፣ ከጣሪያ የሚጠራቀመውን ውሃ ይጎዳል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሱ የሚገኘው ግን ከጋዙ መጠን ብቻ ሳይሆን ጋዙ ከደረሰበት ከፍታ ጭምር ነው፤ ከፍታውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ነጎድጓዳማው ደመና ነው።

ደመናው እንደ ጭስ ማውጫ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በስተደቡብ የሚነሣው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ቀን በፀሐይ የሞቀው የተራራ ገጽ በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይነሣል። ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነፋስም ተራራውን ሲገጥም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። የወጣው አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ በዚህ ለውጥ የሚለቀቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያሞቀዋል፤ እንደገናም ወደ ላይ ይገፋዋል። ነጎድጓዳማ ደመና ማለት ይህ ሂደት ራሱን እያጠናከረ ሲሄድ የሚፈጠር ግዙፍ የአየር ዓምድ ነው።

በዓምዱ መካከል ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር በሰከንድ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈጥን ይችላል። በዚህ ፍጥነት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ደመና በሌለበት ቀን ከመሬት አጠገብ ያለ አየር ወደዚያ ከፍታ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። የደመናው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከዚያ ወዲያ መውጣት ስለማይችል ወደ ጎን ይንጣለላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው የብረት ቀጥቃጭ መስፍ የመሰለ ጠፍጣፋ አናት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች የተሳበው አየር የያዘውን ይዞ የሚወጣውም በዚያ ነው።

በዚህ አጋጣሚ የባሌ ገበሬ በሚገባ ስለሚያውቀው በረዶ አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ላይ ከዚህ ከፍታ የሚወርድ በረዶ መሬት ሳይደርስ የመቅለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሮቤ ላይ ግን የሚቀረው መንገድ 2,500 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ 1,000 ሜትር ያህል ነው። የደጋው ሰብል በበረዶ የሚጎዳው ደመናው ከሌላው አካባቢ ደመና የተለየ ስለሆነ ሳይሆን መሬቱ ወደ ደመናው የቀረበ ስለሆነ ነው።

ድኙ ከየት ይመጣል?

ከመሬት አጠገብ ካለው አየር ጋር የሚሳበው የድኝ ጋዝ ምንጩ ብዙ ነው። የማገዶ እንጨት፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ሲቃጠል፣ በአስታ ቁጥቋጦ ላይ እሳት ሲነሣ፣ የናፍጣ ተሽከርካሪ ሲንቀሳቀስ ጥቂት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ክብሪት ሲጫር አፍንጫን የሚቆጠቁጠው ሽታ የዚሁ ጋዝ ነው። በባሌ ደጋ ይህን የመሰለው ምንጭ በኢንዱስትሪ ከተሞች ካለው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሰፊው የተፈጥሮ ምንጭ ባሕር ነው። በውቅያኖስ ወለል ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ዳይሜቲል ሰልፋይድ ለተባለው ጋዝ መነሻ የሚሆነውን ውህድ ይሠራሉ፤ ብዙ ሰዎች «የባሕር ሽታ» የሚሉት በከፊል ይህ ጋዝ ነው። በባሌ «ጋና» ለሚባለው የበልግ ወቅትም ሆነ «ቦና» ለሚባለው የመኸር ወቅት ዝናብ እርጥበት የሚያቀብለው የሕንድ ውቅያኖስ የዚህ ጋዝ አመንጪ ነው። ሦስተኛው ምንጭ እሳተ ገሞራ ነው፤ እሱ ለዘመናት ጸጥ ብሎ ይቆይና በአንድ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ይለቃል።

የሚታጠበውና የሚያመልጠው

ደመናው የሚስበውን ጋዝ ሁሉ ወደ ላይ አያደርስም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ በመጠኑ ይሟሟል። በደመናው ጠብታ ውስጥ ከገባ በኋላ በአየር ውስጥ ከሚገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሰልፌት ይለወጥና ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ደመናው ማንሻ ብቻ ሳይሆን ማጠቢያም ነው። ዳይሜቲል ሰልፋይድ ግን በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ዝናቡን አልፎ ይወጣል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ቢሆን ደመናው በፍጥነት ሲወጣና ጠብታዎቹ ወደ በረዶነት ሲለወጡ ከፊሉ ሳይታጠብ ያመልጣል፤ በረዶ ጋዙን እንደ ውሃ አይወስድምና።

ያመለጠው ጋዝ ከደመናው አናት ሲወጣ የሚያገኘው አየር ከታችኛው ፈጽሞ የተለየ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። አቧራውና ጭሱ በዝናቡ ስለታጠበ አየሩ ንጹሕ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሃይድሮክሲል የተባለውን እጅግ ንቁ ቅንጣት ይፈጥራል፤ እሱም የድኙን ጋዝ ደረጃ በደረጃ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ትነት ይለውጠዋል። በታችኛው አየር ቢሆን ይህ ትነት ባገኘው አቧራ ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር። ከላይ ግን የሚለጠፍበት ነገር ጥቂት ነው፤ ቅዝቃዜውም የአሲዱ ሞለኪውሎች ተያይዘው እንዲቆዩ ያግዛል። በዚህ ምክንያት የአሲድ፣ የውሃና የአሞኒያ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ከአንድ እስከ ሁለት ናኖሜትር ስፋት ያላቸው አዳዲስ ብናኞች ይወለዳሉ። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 ሺህ ናኖሜትር በላይ መሆኑን ማስታወስ ትንሽነታቸውን ለመገመት ይረዳል። አሞኒያው በአብዛኛው ከከብት እበትና ሽንት እንዲሁም ከዩሪያ ማዳበሪያ የሚነሣ ነው፤ እሱንም ወደ ላይ የሚያደርሰው ያው ደመና ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በጄኔቭ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ ክላውድ በተባለው ሙከራው በታላቅ የብረት ጋን ውስጥ የከፍታውን ቅዝቃዜ አስመስሎ ሂደቱን መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ውጤት እንዳመለከተው ሰልፈሪክ አሲድና አሞኒያ በቀዝቃዛው ከፍታ ብናኝ መፍጠር ሲችሉ፣ ከመሬት አጠገብ ባለው ሞቃት አየር ግን ሁለቱ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ደግሞ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም፣ ናሳ፣ ዲሲ-8 በተባለው የምርምር አውሮፕላን በፓስፊክና በአትላንቲክ ውቅያኖሶች ላይ ባደረገው በረራ፣ ነጎድጓዳማ ደመና በሚበዛበት የምድር ወገብ ቀበቶ ከፍተኛ አየር ውስጥ አዳዲስ ብናኞች በብዛት መኖራቸውን ለክቷል።

ብናኞቹ እዚያው አይቀሩም። አየሩ ከደመናው ርቆ ቀስ በቀስ ሲወርድ እነሱም በቀናት ውስጥ እያደጉ ይሄዳሉ። ስፋታቸው 50 ናኖሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ የደመና ጠብታ እምብርት መሆን ይችላሉ፤ ያለ እምብርት ደግሞ የደመና ጠብታ አይፈጠርም። አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሥራት አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች መሰባሰብ አለባቸው። በአንድ ቦታ የዘነበ ዝናብ ለሌላ ቦታ ደመና እምብርት ያቀብላል ማለት ነው።

እምብርት በበዛ ቁጥር ዝናብ ይበዛል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ያው እርጥበት ለብዙ እምብርት ሲከፋፈል ጠብታዎቹ ያንሳሉ፤ ትንንሽ ጠብታዎች ደግሞ ለመውረድ የሚያበቃ ክብደት ለማግኘት ይዘገያሉ። ዝቅተኛ በሆኑ ደመናዎች ላይ ውጤቱ ደመናው ይበልጥ ነጭ ሆኖ የፀሐይን ብርሃን መመለሱና ዝናቡ መዘግየቱ ነው። በግዙፍ ነጎድጓዳማ ደመና ላይ ውጤቱ እንደ እርጥበቱና እንደ ነፋሱ ይለያያል። በኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ደመናን የማበልጸግ ሥራም የሚመሠረተው በዚሁ የእምብርት ጽንሰ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ እርጥበት የሌለውን ሰማይ ማዝነብ የሚችል እምብርት የለም።

የናብሮ ጥያቄ

ደመና የድኝ ጋዝን ምን ያህል ሊያነሣ ይችላል የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ክርክር ያስነሣው በዚሁ በአፍሪካ ቀንድ በተከሰተ ፍንዳታ ነው። ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. በሌሊት፣ በኤርትራ ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የናብሮ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ናብሮ መፍንዳቱን የሚገልጽ የታሪክ ማስረጃ አልነበረም። አመዱ የአየር ጉዞ አስተጓጉሏል፤ በወቅቱ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም ጉብኝታቸውን አሳጥረው ተመልሰዋል። ለሳይንስ ግን ትልቁ ጉዳይ አመዱ ሳይሆን ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ የሚገመተው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ በስትራቶስፌር፣ ማለትም ከዝናብ ደመና በላይ ባለው የአየር ንብርብር፣ የታየው የብናኝ መጠን እ.ኤ.አ. በ1991 በፊሊፒንስ ከፈነዳው ከፒናቱቦ ወዲህ ከታዩት ሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን የሳተላይት መረጃን መሠረት አድርጎ አንድ ማብራሪያ አቀረበ። የናብሮ ጋዝ በራሱ ኃይል ስትራቶስፌር አልደረሰም፤ ነፋስ ወደ እስያ ወስዶት በዚያ የክረምቱ ነጎድጓዳማ ደመናዎች ወደ ላይ አነሡት የሚል ነበር። ይህ እውነት ከሆነ መጠነኛ እሳተ ገሞራ እንኳ በደመና ታግዞ የዓለምን አየር ሊነካ ይችላል ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ሁለት ቡድኖች የተለየ ማስረጃ ይዘው ቀረቡ፤ ከፍንዳታው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ የእስያው ደመና ገና ሳያገኘው፣ ከጋዙ ከፊሉ በስትራቶስፌር ውስጥ እንደነበረ አሳዩ። ማስረጃው ይበልጥ የሚያጋድለው ወደ ሁለተኛው ነው። ክርክሩ ግን ከንቱ አልነበረም፤ የድኝ ጋዝ መንገድን ለማወቅ ከፍታን በትክክል መለካት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳየው እሱ ነውና።

ከፍታው ይህን ያህል የሚያከራክረው ስለ ዕድሜ ነው። ከመሬት አጠገብ የተለቀቀ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ የተፈጠረውም ብናኝ በዝናብ ይታጠባል። ከነጎድጓዳማ ደመና አናት የተለቀቀው ብናኝ ለሳምንታት ሊንሳፈፍ ይችላል። ስትራቶስፌር የገባው ግን ዝናብ ስለማያገኘው ለወራት፣ መጠኑ ትልቅ ከሆነም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። የፒናቱቦ ድኝ የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ዝቅ ያደረገው በዚህ መንገድ ነው።

የሃይሊ ጉቢው ፍንዳታ የተከሰተው በተለየ ወቅት ነበር። ኅዳር በአፋር የነጎድጓድ ወር ባለመሆኑ ጋዙንና አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ያነሣው የፍንዳታው ኃይል ራሱ ነው። በከፍታው የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመን፣ ወደ ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ወደ ሕንድ ወሰደው። ሮቤ ከእሳተ ገሞራው በቀጥታ ሲለካ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ትገኛለች፤ የአመዱ መንገድ በዚህ አቅጣጫ አልነበረም። አመዱ ያረፈባቸው በአፍዴራ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ግን የግጦሽ መሬታቸው ተጎድቶባቸዋል።

የሩቅ ድኝ፣ የቅርብ ዝናብ

ድኝ በአንድ አገር ዝናብ ላይ ጉዳት ለማድረስ ከዚያው አገር መነሣት የለበትም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1783 በአይስላንድ የፈነዳው ላኪ ለስምንት ወራት ያህል 120 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቋል። ብናኙ ሰሜናዊውን የዓለም ክፍል አቀዘቀዘ፤ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ የሚስበው የሙቀት ልዩነትም ደከመ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ የዓባይ ሙላት እጅግ አንሶ ግብፅ በረሃብ ተመታች። የዓባይ ጎርፍ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣ በመሆኑ የውሃው ማነስ የዚህ አገር ክረምት መድከም ምልክት ነው። የባሌ ወንዞች፣ ገናሌና ወይብን ጨምሮ፣ ወደ ሶማሊያ አቅጣጫ የሚፈሱ ስለሆኑ የዓባይ መዝገብ ስለ ባሌ ዝናብ በቀጥታ አይናገርም።

ምድርን ለማቀዝቀዝ ሆን ተብሎ ድኝ ወደ ስትራቶስፌር ይረጭ የሚለው ሐሳብ በአፍሪካ በጥርጣሬ የሚታየው ይህን የመሰለ ታሪክ ስላለ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የአፍሪካ የአካባቢ ሚኒስትሮች ጉባኤ ቴክኖሎጂው ጥቅም ላይ እንዳይውል የሚያግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲኖር ጠይቋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ለውይይት የቀረበው ረቂቅ የውሳኔ ሐሳብም ስምምነት ስላልተገኘበት ተነሥቷል።

ለነዋሪው

ንጹሕ ዝናብ እንኳ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው፤ ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአሲድ መለኪያውን ወደ 5.6 አካባቢ ያደርሰዋል። በዝናብ የሚወርድ መጠነኛ ሰልፌት ለሰብል መርዝ አይደለም። እንዲያውም ድኝ ለስንዴና ለገብስ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ነው፤ የአገሪቱ አፈር በብዙ ቦታ የድኝ እጥረት ያለበት ሆኖ በመገኘቱ በዳፕ ምትክ በሥራ ላይ የዋለው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሰባት በመቶ ድኝ እንዲይዝ ተደርጓል።

የእሳተ ገሞራ አመድ በቀጥታ በሚወርድበት ቦታ ሁኔታው የተለየ ነው። በዚያ ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የውሃ ማጠራቀሚያን መክደን፣ ጣሪያው ታጥቦ አመዱ እስኪወገድ ድረስ ከጣሪያ ውሃ አለመሰብሰብ፣ ከብቶችን አመድ ከለበሰ ግጦሽ ማራቅ ያስፈልጋል። የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች የክብሪት ዓይነት ሽታ ሲሰማቸው ከቤት ባይወጡ ይመረጣል።

በበረዶ ወይም በከባድ ዝናብ ጉዳት የደረሰበትና የአየር ሁኔታ መረጃ የሚፈልግ ተገልጋይ በባሌ ሮቤ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአገልግሎት ማዕከል መጠየቅ ይችላል። የቀን ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ማታ የጣለው ዝናብ የሚታወቀው በማግስቱ ልኬት ነው። ስለዚህ ጥያቄ ሲቀርብ ቀኑን ከነሰዓቱና ከነቀበሌው መግለጽ መረጃውን ለማግኘት ያፋጥናል። በረዶ የሚወርደው በጠባብ መስመር በመሆኑ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ባሉት በሮቤና በጎባ መካከል እንኳ አንዱ ማሳ ተመትቶ የሌላው ጣቢያ መዝገብ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በዕለቱ የተነሣ ፎቶግራፍና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የመዘገበው የጉዳት መጠን ከጣቢያው መረጃ ጋር ተያይዞ ቢቀርብ ይጠቅማል።